ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጥና ትኩስ ቲማቲም፦ የንጥረ ምግብ ይዘት ንጽጽር

“ዳይት”፣ “ዜሮ” ወይም “ስኳር አልባ” የሚል ጽሑፍ የታተመባቸው ለስላሳ መጠጦች በከተሞች ሱቆችና ሱፐርማርኬቶች ይሸጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚመርጧቸው ክብደት ለመቀነስ የሚፈልጉ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው ወይም የስኳር ፍጆታቸውን ለመቀነስ የወሰኑ ሰዎች ናቸው። በመያዣው ላይ የሚነበበው “0 ካሎሪ” የሚል ቁጥር ግን አንዳንድ ጊዜ ከሚገባው በላይ ትርጉም ይሰጠዋል። ካሎሪ የሌለው ነገር ሁሉ ለጤና እንደሚበጅ፣ ካሎሪ ያለው ደግሞ እንደሚጎዳ ተደርጎ የሚወሰድበት ጊዜ አለ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጥንና ትኩስ ቲማቲምን በማነጻጸር ዜጎች የምግብና የመጠጥ ገላጭ ጽሑፍን በአግባቡ እንዲረዱ ማገዝ ነው። በጽሑፉ የቀረበው መረጃ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የሚያገለግል ሲሆን የሐኪም ምክርን አይተካም።

ሁለቱን ማነጻጸር ለምን አስፈለገ?

አንዱ በፋብሪካ የሚመረት መጠጥ፣ ሌላው ከማሳ የሚሰበሰብ አትክልት በመሆኑ ንጽጽሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሁለቱ በሁለት ነገሮች ይመሳሰላሉ። አንደኛ፣ ሁለቱም በአብዛኛው ውሃ ናቸው። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ለሰውነት የሚሰጡት ካሎሪ እጅግ አነስተኛ ነው። በካሎሪ ብቻ ቢመዘኑ ስኳር አልባው መጠጥ በጥቂቱ “የተሻለ” ይመስላል። ከውሃው ውጭ ያለው ቀሪ ይዘት ሲታይ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው።

በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር ያለው ይዘት

ከዚህ በታች የቀረቡት አኃዞች አማካይ ናቸው። የቲማቲም ይዘት እንደ ዝርያው፣ እንደ ብስለቱና እንደ አፈሩ፣ የመጠጡ ይዘት ደግሞ እንደ አምራቹ በመጠኑ ይለያያል።

• ካሎሪ፦ ቲማቲም 18 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፤ ስኳር አልባ መጠጥ ከ0 እስከ 2።
• ውሃ፦ ቲማቲም 94.5 ግራም ገደማ፤ ስኳር አልባ መጠጥ ከ99 በመቶ በላይ።
• ካርቦሃይድሬት፦ ቲማቲም 3.9 ግራም (ከዚህ ውስጥ 2.6 ግራም የተፈጥሮ ስኳር፣ 1.2 ግራም አሰር)፤ ስኳር አልባ መጠጥ የለውም ወይም ከቁጥር አይገባም።
• ፕሮቲን፦ ቲማቲም 0.9 ግራም፤ ስኳር አልባ መጠጥ ከቁጥር አይገባም።
• ቫይታሚን ሲ፦ ቲማቲም 14 ሚሊ ግራም ገደማ፤ ስኳር አልባ መጠጥ የለውም።
• ቫይታሚን ኤ (ከቤታ ካሮቲን የሚገኝ)፦ ቲማቲም 42 ማይክሮ ግራም፤ ስኳር አልባ መጠጥ የለውም።
• ፎሌት፦ ቲማቲም 15 ማይክሮ ግራም፤ ስኳር አልባ መጠጥ የለውም።
• ፖታሲየም፦ ቲማቲም 237 ሚሊ ግራም፤ ስኳር አልባ መጠጥ በጣም ጥቂት።
• ሶዲየም፦ ቲማቲም 5 ሚሊ ግራም፤ ስኳር አልባ መጠጥ እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ በአብዛኛው ግን ዝቅተኛ ነው።
• ላይኮፒን (ለቲማቲም ቀይ ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር)፦ ቲማቲም 2.5 ሚሊ ግራም ገደማ፤ ስኳር አልባ መጠጥ የለውም።
• ካፌይን፦ ቲማቲም የለውም፤ የኮላ ዓይነት ስኳር አልባ መጠጦች ከ9 እስከ 13 ሚሊ ግራም ገደማ።

ቁጥሮቹ በዕለት ተዕለት ፍጆታ ምን ማለት እንደሆኑ ለመረዳት 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ቆርቆሮ መጠጥን ተመሳሳይ ክብደት ካለው ቲማቲም ጋር ማነጻጸር ይቻላል። 330 ግራም ቲማቲም ማለት መካከለኛ መጠን ያላቸው ሦስት ፍሬዎች ያህል ነው። ከእነዚህ 60 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ 4 ግራም አሰር፣ 780 ሚሊ ግራም ፖታሲየምና 45 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን እንዲወሰድ ያመለከቱት የቫይታሚን ሲ መጠንም 45 ሚሊ ግራም ነው። በሌላ አነጋገር በጥሬው የተበሉ ሦስት ቲማቲሞች የአንድ አዋቂን የዕለት የቫይታሚን ሲ ፍላጎት ሊያሟሉ ይችላሉ። ከአንድ ቆርቆሮ ስኳር አልባ መጠጥ የሚገኘው ቫይታሚን ሲ ግን፣ በተለይ ካልተጨመረበት በስተቀር፣ ምንም ነው።

ቲማቲም ስኳር አለው የሚል ሥጋት ላለባቸውም አኃዙ ግልጽ ነው። በሦስት ፍሬ ቲማቲም ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ስኳር 9 ግራም ገደማ ሲሆን ከአሰርና ከሌሎች ንጥረ ምግቦች ጋር አብሮ የሚገኝ ነው። ተመሳሳይ መጠን ያለው መደበኛ (ስኳር ያለው) ኮላ መጠጥ ግን 35 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል።

በስኳር አልባ መጠጥ ውስጥ ምን አለ?

ከውሃና ከጋዙ በተጨማሪ በእነዚህ መጠጦች ውስጥ በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ፣ አሲድ፣ ማቅለሚያ፣ ጣዕም ሰጪ ቅመምና መጠጡ እንዳይበላሽ የሚያቆይ ንጥረ ነገር ይገኛል። በገላጭ ጽሑፉ ላይ እነዚህ ብዙ ጊዜ በዓለም አቀፍ የመለያ ቁጥር ይመለከታሉ። ሸማቾች በብዛት የሚያጋጥሟቸው ቁጥሮች የሚከተሉት ናቸው፦

• 950፦ አሲሰልፌም ፖታሲየም (ማጣፈጫ)
• 951፦ አስፓርቴም (ማጣፈጫ)
• 954፦ ሳካሪን (ማጣፈጫ)
• 955፦ ሱክራሎዝ (ማጣፈጫ)
• 330፦ ሲትሪክ አሲድ
• 338፦ ፎስፎሪክ አሲድ
• 211፦ ሶዲየም ቤንዞኤት (እንዳይበላሽ የሚያቆይ)

አስፓርቴም ከተራ ስኳር 200 እጥፍ፣ ሱክራሎዝ ደግሞ 600 እጥፍ ያህል ይጣፍጣሉ። በመሆኑም ለአንድ ቆርቆሮ መጠጥ የሚያስፈልገው መጠን በሚሊ ግራም የሚለካ ነው። መጠጡ እየጣፈጠ ካሎሪው ወደ ዜሮ የሚጠጋውም በዚህ ምክንያት ነው።

“0 ካሎሪ” የሚለው መግለጫ ትክክለኛ መረጃ ነው። ይሁን እንጂ የሚገልጸው በመጠጡ ውስጥ የሌለውን ነገር ነው፤ ቫይታሚን፣ ማዕድን ወይም አሰር ስለመኖሩ የሚናገረው ነገር የለም።

ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎችን በተመለከተ

የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ ባወጣው መመሪያ ስኳርን የሚተኩ ማጣፈጫዎች ክብደትን ለመቆጣጠር ወይም ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን ለመከላከል ሲባል እንዳይወሰዱ መክሯል። የቀረቡት ጥናቶች ማጣፈጫዎቹ ለረጅም ጊዜ የሰውነት ስብን በመቀነስ ረገድ ጥቅም እንዳላቸው አላሳዩም። ከዚህም በላይ አዘውትሮ መጠቀም ከሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመምና ከልብና የደም ሥር በሽታዎች ጋር ሊያያዝ እንደሚችል አመልክተዋል። ሆኖም በጥናቶቹ የተካተቱት ሰዎች አስቀድሞም የተለያየ የጤና ሁኔታና የአመጋገብ ልማድ የነበራቸው በመሆኑ ድርጅቱ ምክሩን “ሁኔታን ያገናዘበ” በሚል ደረጃ አስቀምጦታል። ምክሩ አስቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም።

በሐምሌ ወር 2023 እ.ኤ.አ ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም አስፓርቴምን “ለሰው ልጅ ካንሰር አምጪ ሊሆን ይችላል” በሚለው ምድብ 2ለ ውስጥ አካትቶታል። ይህ ምድብ ማስረጃው ውስን በሚሆንበት ጊዜ የሚሰጥ ነው። በዚያው ጊዜ የምግብ ተጨማሪዎችን የሚመረምረው የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ ተቀባይነት ያለውን የዕለት መጠን የሚያስለውጥ በቂ ምክንያት አላገኘም፤ መጠኑም በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት እስከ 40 ሚሊ ግራም ሆኖ ጸንቷል።

በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም አስፓርቴም አለ ተብሎ ቢሰላ፣ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን አዋቂ ከዚህ ወሰን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ቆርቆሮ በላይ መጠጣት ይኖርበታል። ስሌቱ ለሕፃናት ሲሠራ ግን ወሰኑ ቅርብ ነው። 15 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሕፃን ወሰኑ 600 ሚሊ ግራም ሲሆን ይህም ከ2 እስከ 3 ቆርቆሮ ማለት ነው። ወላጆች መጠጡ ስኳር ስለሌለው ብቻ ለሕፃናት ያለ ገደብ መስጠት የለባቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 23 ወር ለሆኑ ሕፃናት ስኳር ያላቸው መጠጦችም ሆኑ ስኳርን የሚተኩ ማጣፈጫዎች ጨርሶ እንዳይሰጡ ይመክራል።

የጥርስ ጤና

ስኳር አልባ መጠጥ ስኳር ስለሌለው በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ለጥርስ መበስበስ የሚዳርግ አሲድ እንዲያመርቱ አያደርግም። ነገር ግን መጠጡ ራሱ አሲዳማ ነው። የኮላ ዓይነቶች የአሲድነት ልኬት (ፒ ኤች) 3 አካባቢ ሲሆን የቲማቲም በአብዛኛው ከ4.2 እስከ 4.9 ነው። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን አሲድነቱ ይጨምራል፤ በዚህ ልኬት የአንድ ነጥብ ልዩነት የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው። ስለዚህ መጠጡን ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት መጎንጨት የጥርስን የላይኛውን ጠንካራ ሽፋን ሊያሳሳ ይችላል። ከጠጡ በኋላ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ፣ ጥርስን ለመቦረሽም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት ይመከራል።

ቲማቲም በአገራችን ማዕድ

ቲማቲም በሰላጣ፣ በፍትፍት፣ በስልስና በልዩ ልዩ ወጦች በአብዛኛው የአገራችን አካባቢ የሚዘወተር አትክልት ነው። ከንጥረ ምግብ አንጻር በተለይ ሁለት ጥቅሞቹ ሊታወቁ ይገባል።

የመጀመሪያው ብረት ከተባለው ማዕድን ጋር የተያያዘ ነው። ከጤፍ፣ ከሽምብራ፣ ከምስርና ከባቄላ የሚገኘው ብረት ከሥጋ ከሚገኘው ይልቅ በቀላሉ ወደ ሰውነት አይገባም። ቫይታሚን ሲ ያለው ምግብ በአንድ ማዕድ አብሮ ሲበላ ግን ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ የሚያገኘው ብረት ይጨምራል። ሽሮ ወይም ምስር ወጥን ከቲማቲም፣ ከቃሪያና ከሎሚ ሰላጣ ጋር መመገብ የሚመከረው ለዚህ ነው። ምክሩ በተለይ በጾም ወቅት የእንስሳት ተዋጽኦ ለማይመገቡ፣ ለነፍሰ ጡሮችና በመውለጃ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች ይጠቅማል። በ2016 እ.ኤ.አ የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 57 በመቶ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ደግሞ 24 በመቶ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። የብረት እጥረት ከደም ማነስ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ቡናና ሻይ በአንጻሩ የብረትን ወደ ሰውነት መግባት ስለሚቀንሱ ከምግብ ጋር ሳይሆን ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢጠጡ ይመረጣል።

ሁለተኛው ከአዘገጃጀት ጋር የተያያዘ ነው። ቲማቲም ሲበስል የቫይታሚን ሲ ይዘቱ ይቀንሳል፤ ላይኮፒን ግን ሲበስልና ጥቂት ዘይት ሲጨመርበት ለሰውነት ይበልጥ ምቹ ይሆናል። ስለሆነም አንዳንድ ጊዜ በጥሬው፣ አንዳንድ ጊዜ በስልስ ወይም በወጥ መልክ መመገብ የሁለቱንም ጥቅም ያስገኛል። በቆርቆሮ ወይም በጣሳ የታሸገ የቲማቲም ድልህ ሲገዛ የተጨመረውን ጨውና ስኳር ከገላጭ ጽሑፉ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ቲማቲም ብቻውን የተሟላ ምግብ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። የፕሮቲንና የብረት ይዘቱ አነስተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ የሚመክረው ከተለያዩ ዓይነቶች እንዲውጣጣ ነው፤ ድንችና ሌሎች ሥራ ሥሮች በዚህ ስሌት አይካተቱም። በ2014 ዓ.ም ይፋ የሆነው ምግብን መሠረት ያደረገ ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያም አትክልትና ፍራፍሬን በየዕለቱ መመገብን፣ ስኳርን፣ ጣፋጮችንና ለስላሳ መጠጦችን ደግሞ መቀነስን ይመክራል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች

• የስኳር ሕመም ያለባቸው፦ ስኳር አልባ መጠጥ የደም ስኳርን በቀጥታ ከፍ አያደርግም፤ ስለሆነም ከመደበኛው ለስላሳ መጠጥ የተሻለ ምትክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የደም ስኳር ከመጠን በታች በሚወርድበት ጊዜ (ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲሆን፣ ወይም መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብና ግራ መጋባት ሲታይ) ስኳር አልባ መጠጥ ፈጽሞ አይረዳም፤ ቲማቲምም በቂ አይሆንም። ራሱን ላልሳተና መዋጥ ለሚችል ታማሚ 15 ግራም ያህል ስኳር በፍጥነት መስጠት ያስፈልጋል። ይህም በውሃ የተበጠበጠ ሦስት የሻይ ማንኪያ ሙሉ ስኳር ወይም 150 ሚሊ ሊትር ያህል መደበኛ ለስላሳ መጠጥ ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገማል። ራሱን የሳተ ሰው በአፉ ምንም ሳይሰጠው በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ቤተሰብም ስኳር አልባውን መጠጥ ከመደበኛው ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።
• የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፦ ቲማቲም በፖታሲየም የበለጸገ በመሆኑ ሐኪም ፖታሲየም እንዲቀንሱ ያዘዛቸው ሰዎች መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር መወሰን አለባቸው።
• የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ የሚመለስባቸው፦ ቲማቲምም ሆነ ጋዝ ያለው መጠጥ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል።
• ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸው፦ አስፓርቴም ፌኒልአላኒን ስለሚይዝ ሊወስዱት አይገባም።
• ነፍሰ ጡሮች፦ የኮላ ዓይነት መጠጦች ካፌይን ስላላቸው በቀን ከሚጠጣው ቡናና ሻይ ጋር ተደምሮ ሊታሰብ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል።

አገዛዝና አያያዝ

ቲማቲም በጥሬው የሚበላ በመሆኑ ንጽሕናው ካልተጠበቀ ለተቅማጥና ለሌሎች በሽታዎች ሊዳርግ ይችላል። ሲገዛ ያልፈረጠና ያልሻገተ መምረጥ፣ ከመቆረጡ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ቲማቲሙን በንጹሕ ውሃ እያሹ ማጠብ፣ ጥሬ ሥጋ በተቆረጠበት ቢላዋና መክተፊያ ሳያጥቡ አለመጠቀም ያስፈልጋል። የተቆረጠው ወዲያውኑ መበላት ወይም ተሸፍኖ በማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት። የታሸገ መጠጥ ሲገዛ ደግሞ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን፣ የአምራቹን ስምና የይዘት ዝርዝሩን ማየት ተገቢ ነው።

በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች

ስኳር አልባ መጠጥ ከመደበኛው ለስላሳ ይሻላል?
በስኳር መጠን አዎን። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል፤ አንድ ቆርቆሮ መደበኛ ኮላ ከዚህ 70 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ከሁለቱም የሚሻለው ግን ንጹሕ ውሃ ነው።

ስኳር አልባ መጠጥ ውሃን ይተካል?
የሰውነትን የፈሳሽ ፍላጎት በከፊል ያሟላል፤ የዘወትር መጠጥ ግን ሊሆን አይገባም። በተቅማጥ ጊዜ የትኛውም ለስላሳ መጠጥ ኦ.አር.ኤስን አይተካም።

ክብደት ለመቀነስ የትኛው ይረዳል?
ክብደት የሚወሰነው በአጠቃላይ አመጋገብና በአካል እንቅስቃሴ ነው። ቲማቲምና መሰል አትክልቶች በአነስተኛ ካሎሪ አሰርና ንጥረ ምግብ ስለሚሰጡ በማዕድ ላይ ያላቸውን ድርሻ ማሳደግ ይጠቅማል። ስኳር አልባ መጠጥ ስኳር ያለውን ከመተካት ያለፈ ሚና የለውም።

የቲማቲም ጭማቂ ከፍሬው ጋር እኩል ነው?
ጭማቂው ከተጣራ አብዛኛው አሰር ይወገዳል፤ የታሸገው ደግሞ ጨው ሊጨመርበት ይችላል። ሙሉ ፍሬውን መመገብ ይመረጣል።

ማጠቃለያ

ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጥ ስኳር መቀነስ ለሚፈልግ ሰው አልፎ አልፎ ሊወሰድ የሚችል ምትክ እንጂ የንጥረ ምግብ ምንጭ አይደለም። የቲማቲም 18 ኪሎ ካሎሪ ደግሞ ከቫይታሚን ሲ፣ ከፖታሲየም፣ ከፎሌትና ከአሰር ጋር የሚገኝ ነው። ሸማቾች የካሎሪን ቁጥር ሲያነቡ አብሮት የሚመጣውን ንጥረ ምግብም እንዲጠይቁ ይመከራል።

የአመጋገብ ምክር የሚፈልጉ ዜጎች በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ማነጋገር ይችላሉ። የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ክትትል ያላቸው ሰዎች በአመጋገባቸው ላይ ለውጥ ከማድረጋቸው በፊት ክትትል የሚያደርግላቸውን ሐኪም ሊያማክሩ ይገባል። ገላጭ ጽሑፍ የሌለው፣ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት ወይም አጠራጣሪ የታሸገ ምግብና መጠጥ ያጋጠመው ሸማች ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ወይም ለአካባቢው የጤና ጽሕፈት ቤት ጥቆማ መስጠት ይችላል።